«ምንም የለብህም»

አዲስ አበባ ውስጥ «ድካም ድካም ይለኛል፣ ሰውነቴን ይቆረጣጥመኛል» ብሎ ክሊኒክ የገባ ሰው የሚጠብቀው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ደም ይሰጣል፤ ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ይቀመጣል፤ ስሙ ሲጠራ ይገባና «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ይባላል። መርካቶን ከምናለሽ ተራ እስከ በርበሬ ተራ፣ ከሸማ ተራ እስከ አውቶቡስ ተራ ቢዞሩ፣ አንድ ቀን ይህን ያልተባለ ነጋዴ፣ ደላላ ወይም ተሸካሚ ማግኘት ያስቸግራል። መድኃኒቱ ይዋጣል፤ ድካሙ ቀለል ያለ ይመስላል። ከወር በኋላ ሲመለስ «አገረሸበት» ይባልና እንደገና ደም ይቀዳል።

ምርመራዎቹ በእርግጥ ምን እንደሚለኩ ብዙ ሰው ጠይቆ አያውቅም። ለታይፎይድ የሚደረገው ቪዳል ስሙን ያገኘው በ1896 ካስተዋወቀው ፈረንሳዊ ሐኪም ከፈርናንድ ቪዳል ነው (በዚህ ምዕራፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ምርመራው ባክቴሪያውን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ በሽታው ከለቀቀ በኋላም ደም ውስጥ ይቆያል፤ ተቀራራቢ የሆኑ ሌሎች ባክቴሪያዎችም ሊያስመርቱት ይችላሉ። ለታይፈስ የሚደረገው ዌይል ፌሊክስ ከዚህም ይብሳል። በ1916 የወጣው ይህ ምርመራ የታይፈስን ጀርም ጨርሶ አይነካም። የሚያየው የታማሚው ደም ፕሮቲየስ የተባለን፣ የታይፈስ መንስኤ ያልሆነን ሌላ ባክቴሪያ ሲያጓጉል ነው። የሁለቱ ጀርሞች ላይኛ ሽፋን በአጋጣሚ ስለሚመሳሰል ብቻ መቶ ዓመት አብረን ኖርን።

አጋጣሚው የሚያስከፍለው ዋጋ እዚሁ ከተማ ተለክቷል። በ2014 በታተመ ጥናት፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልና በሽሮ ሜዳ ጤና ጣቢያ ትኩሳት ይዟቸው የመጡ 270 ሰዎች በቪዳልም፣ ባክቴሪያውን ከደም በሚያሳድገው ካልቸርም ተመረመሩ። ቪዳል 88ቱን «አለባቸው» አለ። ደሙ ውስጥ ባክቴሪያው በእርግጥ ያደገው ግን በ11 ሰዎች ላይ ነበር። ካልቸር ራሱ እውነተኛውን ታማሚ ግማሽ በግማሽ ሊስተው እንደሚችል እናውቃለን፤ እሺ እጥፍ እናድርገው። ሃያ ሁለት ቢሆን እንኳ የቀሩት ስድሳ ስድስት ሰዎች ምን ነበረባቸው?

እዚህ ላይ የትክክለኛው ሐኪም ትዕግሥት ይጀምራል። ለወራት የዘለቀ ድካም መነሻው ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ኤች አይ ቪ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ዕጢ መዳከም፣ የኩላሊት ሕመም፣ ድብርትም ሊሆን ይችላል። የደም ማነስም አለ፤ እሱም ቢሆን በእኛ ከፍታ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከባሕር ወለል እጅግ ከፍ ብሎ ለሚኖር ሰው የሄሞግሎቢን መነሻው ከፍ እንዲል ይመክራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ይሁንና በ2002 አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ለክታ፣ ሄሞግሎቢናቸው ባሕር ጠርዝ ከሚኖር ሰው እንደማይለይ አሳየች። ስለዚህ ቁጥሩን ከቻርት ላይ ብቻ አይቶ «ደም አንሶሃል» ወይም «ደምህ ደህና ነው» ማለት ጥንቃቄ ይሻል።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ፣ ሁሉም ደህና ሆኖ፣ ሰውየው ግን ከስድስት ወር በኋላም አልጋ ላይ ከሆነ ሐኪሙ ወረቀቱን አጥፎ «ምንም የለብህም» ይለዋል። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ሰው ነው። ሕመሙ በዓለም ላይ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ተብሎ ይታወቃል። የመንስኤው ፍለጋም ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በሁለት ስሕተቶች መካከል ሲዋልል ኖሯል፦ በአንድ በኩል ቶሎ «አለ» የሚል ምርመራ፣ በሌላ በኩል ቶሎ «የለም» የሚል ሐኪም።

ድካሙ ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ድካምማ ማን የለበትም? መርካቶ ሲመሽ ሁሉም ደክሞታል። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2015 ባወጣው መመዘኛ መሠረት ሕመሙ ከስድስት ወር በላይ የቆየና ሰውየውን ቀድሞ ይሠራው ከነበረው ሥራ ያስተጓጎለ መሆን አለበት፤ እንቅልፉ አያሳርፍም፤ ማሰብና ማስታወስ ይከብዳል ወይም ቆሞ መዋል ያዞራል። ከሁሉም በላይ አንድ ምልክት አለ። ታማሚው ጥቂት ሲሠራ ዛሬ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው። ያንን ጥቂት ሥራ ሰውነቱ በቀናት፣ አንዳንዴም በሳምንታት መውደቅ ያስከፍለዋል። ለፍቶ የደከመ ሰው አድሮ ይነሣል፤ ይህ ሰው አድሮ ይወድቃል። ነገሩ የስሜት ብቻ እንዳልሆነ ማሳያም አለ። ታማሚዎቹን በሁለት ተከታታይ ቀናት ብስክሌት አስነድተው ኦክስጅን አጠቃቀማቸውን የለኩ ተመራማሪዎች፣ ጤነኛው በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያውን ቀን ውጤት ሲደግም ታማሚው ዝቅ እንደሚል ደጋግመው አይተዋል።

የታሪኩን መጀመሪያ ባጭሩ እንለፈው። በ1869 የኒውዮርኩ ሐኪም ጆርጅ ቢርድ «ኒውራስቴኒያ» የሚል ስም አወጣ፤ ነርቭ አልቆበታል እንደ ማለት ነው። በ1934 በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሆስፒታል 198 ሠራተኞች ፖሊዮ በሚመስል ነገር ወደቁ። በ1948 አይስላንድ ውስጥ አኩሬይሪ በተባለች ከተማ ተመሳሳይ ወረርሽኝ ተነሣ። ቆም ማለት የሚገባን በ1955 ለንደን ላይ ነው።

በዚያ ዓመት ሐምሌ የሮያል ፍሪ ሆስፒታል ሠራተኞች ይታመሙ ጀመር። እስከ ኅዳር ድረስ 292 ሰው ተያዘ፤ አብዛኞቹ ነርሶች ነበሩ። ጡንቻ ይዝላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ዕጢ ያብጣል፤ ሆስፒታሉ እስከ መዘጋት ደረሰ። ጀርም ተፈለገ፤ አልተገኘም። በ1956 ላንሴት የተባለው መጽሔት የሕመሙን ስም «ማያልጂክ ኤንሴፋሎማየላይተስ» አለው፤ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ብግነት ማለት ነው። ወረርሽኙ ከተነሣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ ማክኤቭዲና ቢርድ የተባሉ ሁለት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች (ይኼኛው ቢርድ ሌላ ነው) የድሮውን የሕክምና መዝገብ አገላብጠው «የጅምላ ሂስቴሪያ ነበር» ብለው ጻፉ። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ ከታመሙት አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸው ነበር። አንዲትም ታማሚ ጠርተው አልመረመሩም። የነርሶች ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛው ሴት ካልሆነ ማን ሊሆን ነበር? ያም ሆኖ ያ ጽሑፍ ለአንድ ትውልድ ሐኪሞች «የለም» ለማለት በቂ ሆነ።

ከዚያ በ1984 ኔቫዳ ውስጥ ታሆ ሐይቅ አጠገብ ባለች ኢንክላይን ቪሌጅ በምትባል መንደር ሌላ ስብስብ ታየ፤ የአሜሪካ የበሽታዎች መከላከያ ማዕከልም በ1988 የዛሬውን ስም አወጣ። ጋዜጦች ግን በዕድሜ ለጋ የሆኑ ባለሀብቶች ጉንፋን እያሉ ቀለዱ። እኛም ዘንድ ያለው አስተያየት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ «የሀብታም በሽታ ነው፣ ሥራ ያለው ሰው ለዚህ ጊዜ የለውም» ይባላል። ይህን ግምት በ1999 ሊዮናርድ ጄሰን ቺካጎ ውስጥ አፈረሰው። ከሆስፒታል የመጡትን ሳይሆን ቤት ለቤት ስልክ እየደወለ 18,675 አዋቂዎችን ጠየቀ፤ የተጠረጠሩትንም አስመረመረ። ሕመሙ ከሺህ አዋቂ ውስጥ አራት በሚሆኑት ላይ ተገኘ፤ በብዛት ያጠቃውም ሴቶችን፣ አናሳ ማኅበረሰቦችንና ዝቅ ባለ ሥራ ላይ ያሉትን ነበር። ድሃው ያልታየው ስላልታመመ ሳይሆን ሐኪም ፊት ስላልቀረበ ነው።

የፍለጋው ትልቁ ውድቀት የመጣው ግን ከ«የለም» ሳይሆን ከ«አለ» ነው። በጥቅምት 2009 ሳይንስ የተባለው መጽሔት፣ ጁዲ ሚኮቪትስ የምትገኝበት የኔቫዳ ቡድን ያቀረበውን ጥናት አተመ። ከ101 ታማሚዎች በ67 ከመቶው ደም ውስጥ ኤክስ ኤም አር ቪ የተባለ፣ ከአይጥ ቫይረሶች ጋር የሚዛመድ ሪትሮቫይረስ ተገኘ፤ ከ218 ጤነኞች ግን ከአራት ከመቶ ባነሱት ላይ ብቻ። ለዘመናት «የለም» የተባሉ ሰዎች አለቀሱ፤ አንዳንዶቹ የኤች አይ ቪ መድኃኒት አስጽፈው መዋጥ ጀመሩ። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ሙከራውን ሲደግሙ ምንም አጡ፤ ወይም ከአይጥ የመጣ ብክለት አገኙ። በመጨረሻ የቫይረሱ ልደት ተደረሰበት። ቫይረሱ ከማንም ሰው አልመጣም፤ በ1990ዎቹ አንድ የሰው የፕሮስቴት ዕጢ ካንሰር በአይጦች ሰውነት እንዲያድግ ሲደረግ፣ ሁለት የአይጥ ቫይረሶች ተዳቅለው እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ የተፈጠረ ነበር። ሳይንስ ጽሑፉን በታኅሣሥ 2011 ሰረዘው። በ2012 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ኢያን ሊፕኪን 147 ታማሚዎችንና 146 ጤነኞችን በሥውር ምልክት አስመርምሮ ነገሩን ዘጋ፤ የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎችም አብረውት ሠርተው ውጤቱን ተቀበሉ። ከሽሮ ሜዳው ቪዳል ጋር ያለውን ዝምድና አንባቢ ሳያየው አይቀርም፦ ምርመራው ሌላ ነገር ለክቶ የተጠየቀውን ስም ሰጠ።

በዚህ ጫጫታ መሐል አንድ ጸጥ ያለ ጥናት ተረስቶ ነበር። ዱቦ በተባለች የአውስትራሊያ የገጠር ከተማና አካባቢዋ በሦስት የተለያዩ ጀርሞች የታመሙ 253 ሰዎችን ተመራማሪዎች ከታመሙበት ጊዜ ጀምረው ተከታተሏቸው። አንደኛው የኤፕስታይን ባር ቫይረስ፣ ሁለተኛው በትንኝ የሚተላለፈው የሮስ ሪቨር ቫይረስ፣ ሦስተኛው ከከብትና ከበግ የሚመጣው ኪው ፊቨር ነው። የመጨረሻው ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ በ1990 በታተመ ጥናት የአዲስ አበባ ቄራ ሠራተኞች ደም ውስጥ ምልክቱ ታይቷል። በ2006 የወጣው የዱቦ ውጤት እንዲህ ይላል፦ ከስድስት ወር በኋላ 11 ከመቶው የሕመሙን መመዘኛ አሟሉ፤ ይህም በሦስቱም ጀርሞች ተመሳሳይ ነበር። ማን እንደሚወድቅ የተነበየው ዕድሜ ወይም ፆታ አልነበረም፤ ቀድሞ የነበረ የአእምሮ ችግርም አልነበረም፤ መጀመሪያ ላይ ሕመሙ የቱን ያህል እንደበረታ ብቻ ነው።

ሦስት የማይዛመዱ ጀርሞች አንድ ዓይነት ሕመም ካስከተሉ መጠየቅ ያለበት ጀርሙ አይደለም፤ ሰውነቱ ነው። ሰውነት ራሱን እንዴት እንደሚጥል ደግሞ በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ አዲስ አበባ ነው።

በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ በሌላው ዓለም ሲጠፋ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀረ። በሽታው የድህነት ነው፦ ልብስ መቀየሪያ የሌለው፣ በረንዳ ላይ ወይም በአንድ ክፍል አሥር ሆኖ የሚያድር፣ ክረምት ሲገባ ብርድ የሚያጨናንቀው የቀን ሠራተኛና የጎዳና ልጅ በሽታ። ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የተባለው ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ደም ውስጥ ሲረባ ትኩሳቱ ለቀናት ይነዳል፤ ይለቃል፤ ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለሳል። ለማዳን አንድ መርፌ ፔኒሲሊን ይበቃል። አስደንጋጩ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። መርፌው በገባ በሰዓታት ውስጥ ታማሚው እየተሻለው መሄድ ሲገባው ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ይፈነጠራል፤ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ አንዳንዱ ይሞታል። ጀርሙ እየሞተ ሰውየው ይብሳል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩት ኤልድሪድ ፓሪ፣ አንቶኒ ብራይሰን፣ ፒተር ፔራይንና ዴቪድ ዋረል ይህን ከአልጋ አጠገብ ሆነው እየለኩ መዘገቡ፤ የ62 ታማሚዎች ጥናታቸው በ1970 ታተመ። ምክንያቱ ግን ገና አልታወቀም ነበር። በ1992 የወጣ ሌላ ጥናት ከግርሻ ታማሚዎች በተቀዳ ደም ውስጥ፣ ከመርፌው በኋላ ሳይቶካይን የሚባሉት የሰውነት መልእክተኛ ፕሮቲኖች እንደሚያሻቅቡ አሳየ፤ ከነሱም ዋናው ቲ ኤን ኤፍ አልፋ ነበር። በ1996 ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ የመጨረሻውን ጥያቄ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን መለሱት። ግርሻ የያዛቸው 49 ታማሚዎች አዲስ አበባ ውስጥ በዕጣ ተከፈሉ። ሃያዎቹ ከፔኒሲሊኑ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቲ ኤን ኤፍን የሚያከሽፍ፣ ከበግ የተሠራ አንቲቦዲ ተሰጣቸው፤ ሃያ ዘጠኙ አልተሰጣቸውም። ካልተሰጣቸው ውስጥ 26ቱ ተንቀጠቀጡ፤ ከተሰጣቸው ውስጥ ግን 10 ብቻ። ጀርሙ ያው ጀርም፣ መርፌውም ያው መርፌ ነበር። የተለየው መልእክተኛው መያዙ ብቻ ነው።

ይህን ጥናት ስለ ድካም የሚጽፉ ሰዎች አይጠቅሱትም፤ እኔ ግን መጠቀስ አለበት እላለሁ። መውደቅን ጀርሙ ብቻ እንደማያመጣው፣ የራስ ሰውነት ትእዛዝ መሆኑን በሰው ላይ፣ በዕጣ በተከፈለ ሙከራ አሳይቷልና። ትእዛዙ ጥቅም አለው። አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ቤንጃሚን ሃርት በ1988 እንደጻፈው፣ የታመመ እንስሳ ምግብ መተዉ፣ ጥግ ይዞ መተኛቱ፣ ከመንጋው መገለሉ ድክመት አይደለም፤ ጉልበቱን ሁሉ ለውጊያው የማዋል ስልት ነው። ሳይቶካይኖቹ አንጎል ዘንድ ደርሰው «ተኛ» ይላሉ። ጤነኛ በጎ ፈቃደኛ ከባክቴሪያ ሽፋን የተወሰደ ትንሽ ነገር በመርፌ ሲሰጠው፣ አንድም ሕያው ጀርም ሳይነካው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይዝላል።

ታዲያ ሥር የሰደደው ድካም ምንድን ነው? ቀላሉ ግምት ትእዛዙ ሳይነሣ ቀረ የሚል ነው፤ ቀብሩ ካለቀ በኋላም የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ መንደር ለመንደር እየዞረ ይነፋል እንደ ማለት። ግምቱ የሚያምር ነው፤ ግን እንዳለ አልጸናም። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የካርሚን ፓሪያንቴ ቡድን ኢንተርፌሮን አልፋ ለጉበት ሕመም የሚወስዱ 55 ሰዎችን ተከታተለ፤ ኢንተርፌሮን ራሱ ሳይቶካይን ነው፣ ድካም ያመጣል። ሕክምናው ካበቃ ከስድስት ወር በኋላ 18ቱ አሁንም ደክመው ነበር። እነዚህ ሰዎች በሕክምናው መጀመሪያ ላይ ሰውነታቸው ከሌሎቹ በላይ ተቆጥቶ ነበር። ድካሙ ሥር ከሰደደ በኋላ ግን የብግነት ምልክታቸው ከተሻላቸው ሰዎች አይለይም። ጡሩምባው ዝም ብሏል፤ ሰዉ ግን ከድንኳኑ አልወጣም። በ2015 ማዲ ሆርኒግና ሊፕኪን 298 ታማሚዎችን ሲመረምሩ ከዚህ ጋር የሚገጥም ነገር አግኝተዋል፦ ሳይቶካይናቸው ከፍ ያለው ከታመሙ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ሲሆኑ፣ የቆዩት ላይ ልዩነቱ ጠፍቷል። ብዙ ጥናቶች እርስ በርስ የተጣረሱት አዲሱንና አሮጌውን ታማሚ በአንድ ከረጢት ስለጨመሩ ይሆን? እኔ በከፊል እንደዚያ ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይበታተናል። የኖርዌይ የካንሰር ሐኪሞች ኦይስተን ፍሉገና ኦላቭ ሜላ፣ አንቲቦዲ አምራች ሕዋሳትን የሚያጠፋ ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት በ2011 በታተመ የ30 ሰዎች ጥናት ሞክረው ተስፋ አዩ፤ በ2019 በ151 ሰዎች ላይ ሲደገም ግን ከባዶ መድኃኒት አልተሻለም። በ2024 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም 17 ታማሚዎችን ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር መርምሮ፣ ልፋት ያዋጣል አያዋጣም በሚመዝነው የአንጎል ክፍል ላይ ለውጥ አየሁ አለ፤ አሥራ ሰባት ሰው ግን ጥቂት ነው። ይበልጥ የሚያረካው በነሐሴ 2025 ይፋ የሆነው ዲኮድ ኤም ኢ የተባለው የብሪታንያ ጥናት ነው። የ15,579 ታማሚዎችን ዘረመል ከ259,909 ሌሎች ሰዎች ጋር አወዳድሮ በስምንት ቦታዎች ልዩነት አገኘ፤ ከነዚያ ቦታዎች አንዳንዶቹ ጀርምን ከመዋጋት፣ ሌሎቹ ከነርቭ ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው። አንድ ዘረመል ብቻውን ማንንም አያሳምምም። ነገር ግን «የለም» ለሚለው ሐኪም ይህ ከባድ መልስ ነው። ትንተናው የተሠራው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ብቻ ነው። የአፍሪካ ዘረመል ከሌላው ዓለም ሁሉ ይበልጥ ብዝኃነት ስላለው፣ እዚህ ቢደገም ዘጠነኛና አሥረኛ ቦታ ሊያሳይ ይችል ነበር።

ከወረርሽኝ በኋላ የሚቀር ድካም ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ይቻላል፤ ማንም አልቆጠረውም እንጂ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ከተማዋን ያጠፋው የኅዳር በሽታ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ ጥሎ ነበር። የሞተው ተነገረ፤ ተርፎ ማረስ ወይም መሸከም ያቃተው አልተጻፈም። ታንዛኒያ ውስጥ ግን የታሪክ ተመራማሪዎች ከዚያው ኢንፍሉዌንዛ በኋላ የመጣውን ረሃብ ሲያጠኑ፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚዘራ ጉልበት በመታጣቱ ነው የሚል ማብራሪያ አቅርበዋል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ሲገለጽ ነገሩ በሌላ መልክ መጣ። መርካቶን ያቀፈው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሽታው ቀድሞ ከተስፋፋባቸው የከተማዋ ክፍሎች አንዱ ነበር፤ ቦምብ ተራ ውስጥ ሁለት ሜትር መራራቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል። ከመርካቶ ብዙ በማይርቀው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሠራተኞች ደም ሲመረመር፣ በነሐሴ 2020 በኮቪድ መያዛቸው የታየው 11 ከመቶ ገደማ ነበሩ፤ በየካቲት 2021 ከግማሽ በላይ ሆኑ። በዓለም ዙሪያ ከኮቪድ በኋላ ሳይነሡ ከቀሩት ከፊሎቹ የሚያሟሉት ይህንኑ የድካም ሕመም መመዘኛ ነው። የዱቦን ስሌት እዚህ ላይ ለመጫን አልደፍርም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ «ታይፎይድ ነው፣ አገረሸበት» እየተባሉ መድኃኒት ከሚውጡት መካከል እነዚህ ሰዎች አይኖሩም ማለትም ድፍረት ነው።

መንስኤው ሳይለይ ሕክምናው ላይ መጣደፍም ጉዳት አለው። በ2011 የታተመው ፔስ የተባለው የብሪታንያ ጥናት፣ በ641 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ፣ እንቅስቃሴን ቀስ በቀስ መጨመርና የንግግር ሕክምና ይረዳሉ አለ፤ «ተነሥተህ ተንቀሳቀስ» የዓለም ምክር ሆነ። ታማሚዎቹ ጮኹ፤ የጥናቱ ቁጥሮች እንደገና ሲተነተኑ የመዳን መመዘኛው መሐል ላይ መላላቱ ተጋለጠ። የብሪታንያው የሕክምና መመሪያ አውጪ ናይስ በጥቅምት 2021 ያንን ምክር ሰረዘና በአቅም ልክ መኖርን ተካ፤ ያለህን ጉልበት ለክተህ፣ ሳትጨርሰው እረፍ ማለት ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ለመርካቶ ተሸካሚ ግን እንዴት ይነገረዋል? ኩንታሉን ዛሬ ካልተሸከመ ዛሬ አይበላም፤ ሕመሙ ደግሞ ሒሳቡን የሚያወራርደው በነጋታው ነው። ብዙው ሰው ያንን ነጋታ በጫት ያልፈዋል፤ ጫት ድካምን ይሸፍናል እንጂ አይከፍለውም። እንዲህ ያለው ሰው ስድስት ወር ሞልቶት መመዘኛ ከማሟላቱ በፊት ቦታውን ለሌላ ለቆ ወደ አገር ቤት ይገባል። መዝገብ ላይ የማይገኘውም ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ለማግኘት ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። በርሊን ያለው የሻሪቴ ሆስፒታል ቡድን በ2021 የሞከረው መለኪያ በአንድ እጅ የሚጨበጥ ነው፤ ታማሚው በሙሉ ኃይሉ አሥር ጊዜ ይጨብጠዋል፣ አንድ ሰዓት ያርፋል፣ ከዚያ እንደገና አሥር ጊዜ። ጤነኛው ከሰዓቱ በኋላ ወደ መጀመሪያው ጉልበቱ ይመለሳል፤ ታማሚው አይመለስም። መሣሪያው መብራትም ላቦራቶሪም አይፈልግም፤ ውጤቱም የሚነበበው ከሰሌዳው ላይ ነው፣ በኪሎ።